ባለቀዳዳዋ ማንኪያ

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 4

ማላኪ ዛሬ ከረግረጉ የመጣው ራሱን ገልጦ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ እንደ ወፍ ጎጆ ታቅፎታል። እንቁላል ያገኘ መሰለኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ገለጥ ሲያደርገው ሁለት የነሐስ ማንኪያዎች ናቸው።

ማንኪያ የምላቸው ሌላ ስም ስለሌለኝ ነው። እጀታቸው ከአውራ ጣት አይረዝምም። ሆዳቸው ግን እንደ ቅጠል ሰፊ ነው። በአንደኛዋ ውስጥ መስቀል የሚመስሉ ሁለት መስመሮች ተጭረዋል። ሌላዋ መስመር የላትም፤ ከጠርዟ አጠገብ ወስፌ የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ አለቻት። በዚችኛዋ ሆድ ውስጥ ጥቁር ነገር ደርቆ ተጣብቋል። ያረረ ገንፎ ይመስላል።

ዘንድሮ ዝናብ በመጥፋቱ የረግረጉ ውኃ ወርዶ፣ አባታችን እንኳ ያልደረሰበት ጥልቀት ድረስ አድርቀን የምናነደውን የአፈር ማገዶ ቆርጠናል። ማላኪ የመጨረሻውን ሊያወጣ የጉድጓዱን ወለል በአካፋ ሲመታ ብረት ነካ። አንዷ በሌላዋ ላይ ተከድና ነበር አለኝ።

«አትራክታ፣ እነዚህ ለምን የሚሆኑ ናቸው?»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ከከብትና ከዝናብ በቀር ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ማንበብ የምወደው እኔ ነኝ። የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ሳላነብ አልጥልም። የድሮው ቄስ ቤት ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ የገዛኋት አንዲት የመዝገበ ዕውቀት ጥራዝም አለችኝ። ከአሥራ ሁለቱ አራተኛዋ ናት። አገላበጥኳት። የለም።

«አላውቅም» አልኩት። አፈርኩ።

ማታ ሲተኛ ሲስል ሰማሁት። የማገዶው አቧራ ነው። ዓመቱ ደረቅ ስለሆነ።


ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7

ማቲ በርን መጣ። ጎረቤታችን ነው፤ ሚስቱ ዊኒ ከሞተች ጀምሮ ሻዩን የሚጠጣው እኛ ቤት ነው። ማንኪያዎቹን አገላበጣቸው።

«ቀዳዳ ያላት ማንኪያ! ሠሪው ሰክሮ ነበር ማለት ነው።»

«የሰከረ ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይበሳም» አለ ማላኪ።

«እንግዲያው ለአማት የተሠራች ናት። ሾርባውን ትሞላላታለህ፤ አፏ ሳይደርስ ያልቃል። ‹ምነው እማማ፣ አልጠገቡም?› ትላለህ።»

ማላኪ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበትና ወደ ጓሮ ወጣ። ማቲ ስኒውን እያየ «ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ። አቧራ ነው አልኩት።

ሌላዋ ጎረቤታችን ዲሊያ ጎርምሊም መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ከረግረግ የወጣ ነገር ባለቤት አለው። መልሱት። ኋላ እንዳትቆጩ» አለችኝ። ለማላኪ ስነግረው፣ «ባለቤቱ ይምጣ። ለምን እንደሆነች ብቻ ይንገረኝና በእጁ እሰጠዋለሁ» አለ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 12

ማላኪ አንዷን የቆርቆሮ ማንኪያዬን በምስማር በሳት። ለሙከራ ነው አለ። ምድጃው ዳር ተቀምጦ ወተት፣ ሻይ፣ ውኃ እየሞላ ያንጠባጥባል፤ ጠብታ ይቆጥራል። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው።

«ደህናዋን ማንኪያ ለምን ታበላሻለህ? ባለቀዳዳዋ እያለችልህ?»

«የሷ ውስጡ እንዳይለቅ ብዬ ነው» አለኝ።

ስድስት ነበሩ። አሁን አምስት ማንኪያ ነው ያለኝ።

ቀበቶውንም በሳው። በዚህ ወር ሁለተኛው ቀዳዳ ነው። ቆዳው እየሰፋ አስቸገረኝ አለ። እውነት ነው፣ ቆዳ ሲያረጅ ይሰፋል።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 19

አባ ሄነገን ከቅዳሴ በኋላ የመኸሩን የቤት ቅዳሴ ተራ አነበቡ። ዓርብ፣ ኦክቶበር 8፣ ጌራቲ ቤት። በሰባት ዓመታችን ደረሰን። ካህኑ በእኛው ገበታ ላይ ይቀድሳሉ፤ የአሥራ ሁለት ቤት ሰው ወጥ ቤታችን ውስጥ ተንበርክኮ እግዚአብሔርንና የአልጋችንን ሥር ያያል። ከዚያ ቁርስ።

ሦስት ሳምንት አለኝ።

ደብሊን ላለው ሙዚየም ስለ ማንኪያዎቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ገለበጥኩት። ማላኪ «‹ለምን እንደሆኑ ንገሩን› የሚለውን ከላይ አድርጊው፤ ከታች ካደረግሽው አያነቡትም» አለኝ። ከላይ አደረግኩት።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 23

ማላኪን እያባበልኩ ከተማ ወሰድኩት። ደረቱን ራጅ ተነሣ። በመስኮት እያየ «ያ በሬ የማን ነው? ከስቷል» ይለኛል።

ዶክተር ኪልራን ኮሪደር ላይ ለነርሷ «እስከ ገና ነው፤ ገናን አያልፍም» ሲሉ ሰማሁ። ሳሉን ነው። ሳሉ ከገና አያልፍም። እኔን ሲያዩ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ያላዘዝኩትን ሻይ አስመጡልኝ። ደግ ሰው ናቸው።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 1

ኖራ ሁለት ባልዲ። የበሩ አረንጓዴ ቀለም አልደረቀም። መጋረጃ ከዲሊያ መዋስ፤ አይሆንም፣ ታወራብናለች። ስኒ ሠላሳ ያስፈልጋል፣ አሥራ ዘጠኝ አለ። ማላኪ መሰላሉን ሊይዝልኝ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔው ደግፌው እኔው ወጣሁበት። ከሙዚየም መልስ የለም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 5

ዛሬ ነሐስ የሆነውን ሁሉ አጠብኩ፤ የእናታችንን መቅረዞች፣ የበሩን እጀታ፣ የእሳት መቆስቆሻውን። የማላኪ ማንኪያዎች ቡፌው ላይ እንደ ሁለት የሞቱ እንቁራሪቶች ተጋድመዋል። ካህኑ የሚቀመጡት ፊት ለፊታቸው ነው። ዲሊያ ደግሞ ከሰው በፊት እድፍ ነው የምታየው። አመድ በአቼቶ ለውሼ አሸኋቸው። ባለመስቀሏ ቶሎ ጠራች። የሌላዋ ጥቁር እንቢ አለኝ። በፈላ ውኃ ዘፍዝፌ፣ በሽቦ ፍቄ፣ ቀዳዳዋን በወስፌ ጎርጉሬ ጨረስኩ። አሁን ሁለቱም ወርቅ መስለዋል። እጣቢውን ጓሮ ደፋሁት።

ማላኪ ሲነሣ ቆሞ አያቸው። ቆየ።

«አብረቀረቁ» አለ።

«ለእንግዳ ነው።»

«አዎ። ለእንግዳ ነው» አለና ወደ አልጋው ተመለሰ። ደክሞታል።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 9

አለፈ። ሁሉም ሆነ። ስኒ አልጎደለም፤ ማቲ ሻዩን በወተት መቅጃው ጠጣ።

ማላኪ በአባታችን ሙሉ ልብስ ምድጃው ዳር ተቀምጦ አስቀደሰ። ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ያናግረዋል። ጆሮው እኮ ደህና ነው። ከቁርስ በኋላ ወንዶቹ ማንኪያዎቹን ተቀባበሏቸው። አንዱ የእንቁላል አስኳል መለያ ነው አለ፤ ሌላው የበግ መድኃኒት ማጠጫ። አባ ሄነገን ባለቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ «ለሚሞት ሰው ዘይት ያንጠባጥቡባት ይሆናል» አሉ።

«ከዚያ ጥልቀት የወጣ ነገር ከክርስቶስ በፊት አይሆንም፣ አባ?» አለ ማቲ።

«ሰው ከክርስቶስ በፊትም ይሞት ነበር፣ ማቲ።»

ተሳቀ። ማላኪ አልሳቀም፤ ካህኑ እስኪጨርሱ አፋቸውን ነበር የሚያየው። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ስደርስ ዲሊያ ለእህቷ «ግድግዳውም ነጣ፣ እሱም ነጣ» ትላለች። ሰሃኑን ድምፅ እንዲያሰማ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ሁሉም ሲሄዱ ማላኪ «አትራክታ፣ ሳላውቅ መሄድ አልፈልግም» አለኝ።

«የት ነው የምትሄደው?»

«የትም» አለኝ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 14

ከሙዚየሙ አንዲት ሴት ዛሬ መጣች። ሚስ ቱሂ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ለእኛ ግቢ አይሆንም። ማላኪን መኝታ ቤት ሄዳ በሁለት እጇ ጨበጠችው። እሱም ጉድጓዱን፣ ጥልቀቱን፣ አንዷ በሌላዋ እንዴት እንደተከደነች እየተነፈሰ፣ እያረፈ ነገራት። ስለ ጥቁሩ አልነገራትም።

ወጥ ቤት ስንመለስ ጓንት አጥልቃ ለካቻቸው። ባለቀዳዳዋን ወደ መስኮቱ አዙራ በማጉያ መስታወት አየቻት። ደጋግማ አየቻት።

«ሚስ ጌራቲ፣ ሲወጡ እንዲህ ነበሩ?»

«አጥቤያቸዋለሁ። የቤት ቅዳሴ ነበረብን።»

«ውስጣቸው ነገር ነበረ?»

ነገርኳት። በምን እንዳጠብኩም ጭምር። ማጉያውን አስቀመጠችና እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ጥቂት ናቸው አለች፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ኬልቶች የሚባሉት የዚህ አገር የጥንት ሰዎች የሠሯቸው። ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው፤ አንዷ ባለመስቀል፣ አንዷ ባለቀዳዳ። ከላይኛዋ ወደ ታችኛዋ የሆነ ነገር ይንጠባጠብ ነበር የሚሉ አሉ። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

«ጥቁሩ ቢኖርስ?»

«ምናልባት» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ «እርስዎ ጥፋት የለብዎትም፤ ማንም ያደርገዋል» አለችኝ።

ማንም አላደረገውም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።

ማላኪ ማንኪያዎቹን ሲሰጣት «በአንድ ነገር ብቻ። ለምን እንደሆኑ ትጽፊልኛለሽ» አላት። «እጽፍልዎታለሁ» አለችው። ከሄደች በኋላ «ወጥ ቤት ምን አለችሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቤቱ ንጹሕ ነው አለችኝ።»

አሁን ማታ ነው፤ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። ሴፕቴምበር 12። «የሷ ውስጡ እንዳይለቅ ብዬ ነው» ብሎኛል። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩም ስለ ስድስት ማንኪያ ጻፍኩ። ጋዜጣ አነባለሁ፣ አውቃለሁ እያልኩ የምኮራ እኔ ነኝ። እሱ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቀው ሰው ጠብቆት ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ረግረጉ ጠበቀው። እኔ ዲሊያ ጎርምሊን ፈርቼ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 20

ፖስተኛው በብስክሌት ሲያልፍ ማላኪ ከአልጋው ይሰማዋል። «አለፈ?» «አለፈ።» በየቀኑ።

ዛሬ ሾርባ ሦስት ማንኪያ። ትናንት አምስት ነበር። የምግብ ፍላጎት በመኸር ይቀንሳል።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 27

መጣ። አጥሩ ጋ ቆሜ አነበብኩት። ሚስ ቱሂ በእጇ ነው የጻፈችው፤ ሁለት ገጽ፣ በጣም ደግ ደብዳቤ ነው። አመስግናለች። ስሙ በሙዚየሙ መዝገብ ይሰፍራል ትላለች። ከዚያ ግምቶቹን ጻፈች፤ ጥንቆላ፣ ሕክምና፣ የቀብር ሥርዓት። «እውነቱን ለመናገር፣ አቶ ጌራቲ፣ ለምን እንደሚያገለግሉ አናውቅም። ወደፊት ያልተነካ ጥንድ ቢገኝ ምናልባት» ይላል።

ያልተነካ።

«አለፈ?»

«ቆመ። ደብዳቤ ነው።»

ተነሥቶ ለመቀመጥ ሞከረ። ትራስ ደገፍኩለት። ማላኪ የታተመ ፊደል በግድ ያነባል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንለትም። ፊቴን አየ።

«ጽሕፈቷ ከባድ ነው» አልኩት። «ቀስ ብዬ ላንብበውና ልንገርህ።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሻል?»

«እስከ እሑድ።»

«እሑድ ጥሩ ነው» አለ።


እሑድ፣ ኦክቶበር 31

ከቅዳሴ ስመለስ ተላጭቶ ጠበቀኝ። እንዴት እንደተላጨ አላውቅም፤ አገጩ ላይ ደም አለ። ደብዳቤውን ይዤ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«ውድ አቶ ጌራቲ» ብዬ ጀመርኩ። እዚህ ድረስ እውነት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን አራት ቀን ከብት እያለብኩ ያሰብኩት ነው። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ እንዲህ አልኩ። ማንኪያዎቹ የአስታማሚ ናቸው። በዚያ ዘመን ሰው ታሞ መዋጥ ሲያቅተው፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ባለቀዳዳዋን ሞልቶ ከአፉ በላይ ይይዝለታል። ጠብታው ዝግ ብሎ ይወርዳል። ባለመስቀሏ ከአገጩ ሥር ትሆናለች፤ የፈሰሰው እንዳይባክን። ሕጉ አንድ ነው። ማንኪያዋ እስክትጎድል ድረስ የያዛት ሰው ከአጠገቡ አይነሣም። በሩ ቢንኳኳም፣ ከብት ቢጠፋም አይነሣም።

አላመነኝም ብዬ ፈራሁ።

«ቀዳዳዋ ትንሽ የሆነችው ለዚህ ነው» አለ። «ሰውየው እንዲቆይ።»

«ለዚህ ነው።»

«እኔም አውቄው ነበር ልልሽ እችል ነበር። አላወቅኩም እንጂ።» ፈገግ አለ። ከዚያ፣ «ጥቁሩስ ምንድን ነው አለች?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

«ማር» አልኩ።

«አጥበሽው የለም እንዴ?»

«ቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ ቀርቶ ነበር። በመሣሪያ አዩት።»

ማላኪ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ በዚህ ወር ከሰማሁት ትንፋሹ ሁሉ ረጅሙ። «ተመስገን። ያን ቀን አብረቅርቀው ካየኋቸው ጀምሮ እጨነቅ ነበር። ኋላ ብታውቂው ትቆጪበታለሽ ብዬ ነው። ለሚስ ቱሂ ስለ ጥቁሩ ያልነገርኳትም አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ወጥቼ ዶሮዎቹን አበላሁ። ቅድም አብልቻቸው ነበር።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 2፣ የሙታን መታሰቢያ

ማላኪ ማቲን አስጠራውና «አንብቢለት» አለኝ። ያንኑ ቃል በቃል ማለት ነበረብኝ። ዓይኔ «አናውቅም» የሚለው ላይ ተተክሎ አፌ ስለ ማር ያወራል።

ማቲ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«አይነሣም?» አለ።

«አይነሣም» አለ ማላኪ፣ ሕጉን እሱ እንዳወጣው።

«ዊኒ ስትሞት እኔ ከብት ገበያ ነበርኩ» አለ ማቲ። ይህን ለማንም ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 6

ዶክተሩ መጡ። መርፌ። አባ ሄነገንም መጡ፣ ቀቡት። ለማበርታት ነው፤ ብዙ ሰው ከተቀባ በኋላ ይነሣል። አንሶላ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ዝናቡ ጀመረ።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ውኃም እንቢ አለው። በእጁ ወደ ወጥ ቤት አመለከተኝ። ወተት? አይደለም። መጽሐፍ? አይደለም። «ማንኪያዬ» አለ በመጨረሻ። የበሳትን የቆርቆሮዋን ነው።

ወተት በማር ለብ አድርጌ ሞላኋት። ጠብታው ከንፈሩ ላይ ይወርዳል፤ ይጠብቃል፤ ይውጣል። ሌላ ማንኪያ ከአገጩ ሥር ያዝኩ። ላሟ አልታለበችም፣ ትጮሃለች። አልተነሣሁም። ልትጎድል ስትል እሞላታለሁ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 11

ማላኪ ዛሬ ረፋዱ ላይ አረፈ። ማንኪያዋ አልጎደለችም ነበር።


እሑድ፣ ኖቬምበር 14

ትናንት ቀበርነው። ሁለቱን ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ስለነበር ምንም አልጻፍኩም።

ለቅሶው ላይ ማቲ ለገባ ለወጣው ሁሉ ነገረ። «ሙዚየም ጽፎለታል። የአስታማሚ ማንኪያ ነው። እስክትጎድል አይነሣም። አትራክታም አልተነሣችም፤ ላሟ ስትጮህ እኔ ነኝ ያለብኳት።» ሰዎች እየመጡ እጄን ያዙ። ለወትሮው በአጠገቤ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው።

ቡና ቤት ያለው ሽማግሌ «የአያቴ እናት እንዲህ ያለ ነገር ትል ነበር» አለ። አንዲት አሮጊትም «ማንኪያ አይደለም ቀንድ ነው፤ ሕጉ ግን ያው ነው» አለች። ዲሊያ ጎርምሊ፣ ያቺ «መልሱት» ያለችኝ፣ «እናቴ ነግራኛለች፤ ረስቼው እንጂ» አለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እናቷን ሰማኋት ስትል ፊቷ የምር ነበር። አባ ሄነገንም በስብከታቸው ላይ አነሡት። ምእመኑ አለቀሰ። እኔ የማላኪን ሣጥን እጀታ አያለሁ፤ ነሐስ ነው።

ሲሸኙን ማቲ ወደ ኋላ ቀረት አለ። «እኔም አንዷን በሳኋት» አለኝ ቀስ ብሎ። «በሙታን መታሰቢያ ማታ። ዊኒ መቃብር ላይ ቆሜ እስክትጎድል ያዝኳት። ብርዱ ይመታኛል፣ አልሄድኩም። ታውቂያለሽ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ እተኛለሁ።»

ኮቱን አቀበልኩት።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 27

ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለም። ሁለት ስኒ አወጣና አንዱን እመልሳለሁ።

ዛሬ ከሚስ ቱሂ ደብዳቤ መጣ። ስለ ማላኪ አዝናለች። አባ ሄነገን ጽፈውላት ኖሮ፣ «በአካባቢያችሁ ስለ ማንኪያዎቹ የቆየ ትውፊት መኖሩን ሰማሁ» ትላለች። ሦስት ሽማግሎች ከአያቶቻቸው ሰምተናል ብለዋል። እንዲህ ያለ ነገር የትም ተገኝቶ አያውቅም። ከገና በፊት መጥታ የሁላችንንም ቃል በቴፕ ልትቀዳ ትፈልጋለች፤ መጀመሪያ የእኔን። «እርስዎ ከማን ሰሙት?» ብላ ከሥሩ አስምራበታለች። በደስታ የተሰመረ መስመር ነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 30

ዝም ብል ማንም አያውቅም። አስቤዋለሁ። ብዙ ሰው ተጽናንቷል፤ ማቲ ይተኛል። ማላኪ አውቆ ሄደ። ብናገር፣ ለሚሞት ወንድሟ የዋሸች ሴት ነኝ፤ ካህኑ የስብከት ቦታ ላይ፣ ሽማግሎቹ በአያቶቻቸው ስም የተናገሩት ሁሉ የእኔ ነው።

ዝም ብልስ? እውነተኛው መልስ እዚያች ማንኪያ ውስጥ ነበረ። ፍቄ አወጣሁት። አሁን ደግሞ በባዶው ቦታ የራሴን ልሞላበት ነው። ከእኔ በኋላ የምታነብ ሴት፣ እንደኔ ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የምትለቅም፣ ታነበዋለች፤ ታምነዋለች።

ሁለት ረቂቅ ቀደድኩ።


ዓርብ፣ ዲሴምበር 3

ጻፍኩት። እዚህም እገለብጠዋለሁ፤

«ውድ ሚስ ቱሂ። ትውፊት የለም። እኔ ከማንም አልሰማሁም፤ እነሱም ከእኔ ነው የሰሙት። ኦክቶበር 31 ቀን የእርስዎን ደብዳቤ በእጄ ይዤ ከራሴ ፈጠርኩት። ወንድሜ መልስ እየጠበቀ ነበር፤ ጊዜም አልነበረውም። ማር የሚለውም የእኔ ነው። ውስጧ ምን እንደነበረ አላውቅም፤ አሁን የሚያውቅ አይኖርም። ሽማግሎቹን አይውቀሷቸው፤ የዋሹ አይመስላቸውም። እኔ እንደፈጠርኩት ግን ይጻፉት፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት። አትራክታ ጌራቲ።»

ረፋዱ ላይ ፖስተኛው ወሰደው። ከመንገዱ መታጠፊያ እስኪሰወር አየሁት። ከዚያ ነገሩን ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ ማቲን ጠራሁት። ሻይ ቀዳሁለት። ቆሜ ነገርኩት፤ ደብዳቤው ውስጥ እንደሌለ፣ ማንም ያለው እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሆንኩ።

ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

«ለማላኪ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«ደግ አደረግሽ።» ተነሣ። ኮፍያውን አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን ሳያዞር «ለእኔስ ባትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

ሻዩን አልነካውም። በመስኮት አየሁት፤ ወደ ቤቱ በሚወስደው አልታጠፈም፣ ወደ መቃብሩ በሚወስደውም አልታጠፈም። መንገዱ መሐል ቆሟል።